ቀይና አረንጓዴን ደምሬ ለሁለት ሳካፍል ለምን ቢጫ ሳይሆን ጭቃ መሳይ ይወጣል?

ጀማሪዋ_ኮደር

ሰላም ለሁላችሁ። ፕሮግራሚንግ ገና እየተማርኩ ነው። ለመለማመጃ ብዬ ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ ቀለም ቀስ እያለ የሚሸጋገር ምስል የሚሠራ ትንሽ ኮድ ጻፍኩ። በግራ ጫፍ ቀይ (255, 0, 0) ነው፣ በቀኝ ጫፍ አረንጓዴ (0, 255, 0)። ቁጥሮቹ በተራ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ናቸው፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255። መሃሉ የሁለቱ አማካይ ነው። ደምሬ ለሁለት አካፈልኩና (128, 128, 0) ወጣ። እርግጥ 127.5 ነበር፣ ወደ ላይ አጠጋጋሁት።

ስክሪን ላይ ቀይና አረንጓዴ ሲቀላቀሉ ቢጫ ይሆናሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ያገኘሁት ግን የጨቀየ፣ የወይራ ፍሬ የመሰለ ነገር ነው። ስሌቱን አየሁት፣ ትክክል ነው። የት ጋ ነው የተበላሸው?

ሦስት_መብራት

ምንም አልተበላሸም። ያ ቢጫ ነው፣ የጨለመ ቢጫ። ሳታካፍዪ ብትደምሪ (255, 255, 0) ይወጣ ነበር፤ ያውልሽ የምትፈልጊው ቢጫ። ለሁለት ስታካፍዪ መብራቱን ቀነስሽው። ሌላ ምስጢር የለውም።

ጀማሪዋ_ኮደር

እሺ፣ ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። ግማሽ ቀይ መብራትና ግማሽ አረንጓዴ መብራት ከሆነ ጠቅላላው ከጫፎቹ ጋር መቀራረብ ነበረበት አይደል? ግማሽ ሲደመር ግማሽ አንድ ነው። ይሄ ግን ከጫፎቹ ይልቅ መሃሉ በግልጽ ጨልሟል።

ሊኒየር_ነኝ

የጠረጠርሽው ልክ ነው። ግማሽ ነው ያልሽው ቁጥር ግማሽ አይደለም።

ከሥሩ ልጀምር። ዓይናችን ውስጥ ቀለም የሚለዩ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት አሉ፤ ኮን ይባላሉ። አንደኛው ለረጅም ሞገድ፣ አንደኛው ለመካከለኛ፣ አንደኛው ለአጭር ሞገድ ይበልጥ ንቁ ነው። አንጎል ስለ ቀለም የሚደርሰው ወሬ የእነዚህ የሦስቱ ምላሽ ብቻ ነው። 580 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ንጹሕ ቢጫ ብርሃን ሲመጣ የረጅሙና የመካከለኛው ኮን አብረው ይነሳሉ። ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ተደባልቀው ሲመጡም የሚነሱት እነዚያው ናቸው። አንጎል ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም።

ስክሪንሽ ቢጫ መብራት የሚባል ነገር የለውም። በማጉያ መነጽር ብታዪው ቢጫው ቦታ ላይ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣቦች ብቻ ናቸው የሚበሩት። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1861 በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ የተነሱ ሦስት ፎቶዎችን አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ በማሳየት ያስመሰከረው ይሄንኑ ነው። ለአንድ ፒክስል፣ ማለትም ለአንዷ የምስል ነጥብ፣ ሦስት ቁጥር የሚበቃው በዚህ ምክንያት ነው። የብርሃን ሕግ ሆኖ አይደለም፣ የሰው ዓይን እንዲህ ስለተሠራ ነው። አራት ዓይነት ኮን ቢኖረን ኖሮ ፋይሎቻችን አራት ቁጥር ይይዙ ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ፒክስል ውስጥ የተጻፈው 128 የብርሃን መጠን አይደለም። የብርሃን መጠን በአንድ ከርቭ ተጣሞ የተጻፈበት ኮድ ነው። ከርቩን ጋማ ይሉታል። ኤስአርጂቢ በሚባለው የተለመደ የስክሪን ቀለም ደንብ 0 ማለት መብራት የለም፣ 255 ማለት ሙሉ መብራት ነው። 128 ግን 50 በመቶ ሳይሆን 21.6 በመቶ ገደማ ነው። ግማሽ ብርሃን የሚሰጥሽ ቁጥር 188 ነው።

እና (128, 128, 0) ስትዪ ስክሪኑን ያዘዝሽው "ከቀዩ አንድ አምስተኛ፣ ከአረንጓዴው አንድ አምስተኛ አብራ" ብለሽ ነው። ሁለት አምስተኛ ደግሞ አንድ ሙሉ አይሞላም። ጨለመብሽ።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን ወደ ብርሃን መጠን መልሻቸው። እዚያ ደምረሽ አካፍዪ። ከዚያ ውጤቱን ወደ ኮዱ መልሺ። (188, 188, 0) ይወጣልሻል። ሞክሪውና ንገሪን።

ተጠራጣሪው

ይቅርታ ወንድሜ፣ ይሄ ነገር እኔ ጋ አይሠራም። የዲዛይን ሥራ ላይ ዓመታት ቆይቻለሁ። (128, 128, 128) በጥቁርና በነጭ መሃል ያለ ግራጫ ነው። ማንንም አምጥተህ ብታሳየው "መሃል ነው" ይልሃል። 21 በመቶ ቢሆን ወደ ጥቁር የተጠጋ ነበር የሚመስለው። 188 ያልከው ደግሞ ነጣ ያለ ግራጫ ነው።

ሊኒየር_ነኝ

ያየኸው ልክ ነው፣ እኔ ከምለው ጋር ግን አይጣላም። 128 ለዓይን መሃል ይመስላል። ለብርሃን መለኪያ መሣሪያ ግን አንድ አምስተኛ ነው። ዓይን የሚፈርደው "ስንት ተጨመረ" ብሎ ሳይሆን "በስንት እጥፍ ጨመረ" ብሎ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ ሻማ በርቶ ሌላ ሻማ ብትጨምር ለውጡ ወዲያው ይታይሃል። መቶ ሻማ በርቶ አንድ ብትጨምር ግን ማንም ልብ አይልም።

ይሄን ይዘን 256 ደረጃ ብቻ አለን እንበል። ደረጃዎቹን በብርሃን መጠን እኩል ብንደለድላቸው ከ1 ወደ 2 ስንሄድ ብርሃኑ እጥፍ ይሆናል። ፎቶው ላይ ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ እርከን እርከን እየሆነ ይበላሻል። ከ254 ወደ 255 ስንሄድ ደግሞ ለውጡ 0.4 በመቶ ነው፤ ዓይን አይለየውም፣ ቦታ ማባከን ነው። ጋማ ከደማቁ ጫፍ ደረጃ እየቀነሰ ለጨለማው ጫፍ ይሰጣል። በኤስአርጂቢ ከ0 እስከ 187 ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ለታችኛው የብርሃን ግማሽ የተመደቡ ናቸው። ለላይኛው ግማሽ የተረፉት 68 ብቻ ናቸው።

በነገራችን ላይ ጋማ መጀመሪያ የመጣው ለዚህ ታስቦ አይደለም። የድሮው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ለተሰጠው ቮልቴጅ በቀጥታ አይታዘዝም ነበር። ግማሽ ቮልቴጅ ቢሰጠው የሚያወጣው ብርሃን ከግማሽ በጣም ያነሰ ነበር። ስለዚህ ምስሉ ከመላኩ በፊት በተቃራኒው አቅጣጫ ይጣመም ነበር። የቱቦው ጠባይና የዓይናችን ጠባይ መግጠማቸው አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን በኢንጂነሪንግ ታሪክ ውስጥ ካሉት ደስ የሚሉ አጋጣሚዎች አንዱ ነው እላለሁ። ዛሬ ቱቦው የለም፣ ከርቩ ግን አለ።

ተጠራጣሪው

በወሬ አልቀበልም። የሚታይ ነገር አምጣ።

ሊኒየር_ነኝ

ራስህ ሥራው። አንድ ፒክስል ቁመት ያለው ጥቁር መስመር፣ ከሥሩ አንድ ፒክስል ነጭ መስመር፣ እንደገና ጥቁር፣ እንደገና ነጭ እያልክ አንድ ካሬ ሙላ። ጎኑ ላይ አንድ ካሬ በ128 ግራጫ፣ ሌላ ካሬ በ188 ግራጫ ሙላ። ከዚያ መስመሮቹ ተቀላቅለው አንድ ግራጫ እስኪመስሉ ድረስ ራቅ ብለህ እይ። በመስመሩ ካሬ ውስጥ ግማሾቹ ፒክስሎች ሙሉ በርተዋል፣ ግማሾቹ ጠፍተዋል። ይሄ ግማሽ ብርሃን መሆኑ ላይ ክርክር ያለን አይመስለኝም። የትኛውን ካሬ እንደሚመስል አንተ ፍረድ።

የማታ_ሠራተኛ

ሥራ ፈትቼ ስለነበር እኔ ሠራሁት። የሚገጥመው ከ188 ጋር ነው። 128ቱ ከጎኑ ጉድጓድ ይመስላል።

ግን ልብ በሉ፣ ምስሉን በ100 በመቶ መጠን ነው ማየት ያለባችሁ። ስልኬ ላይ አሳንሼ ስከፍተው ከ128ቱ ጋር ገጠመ። ምክንያቱ ያስቃል። የስልኩ መተግበሪያ ምስሉን ለማሳነስ ጥቁሩንና ነጩን ይደምርና ለሁለት ያካፍላል፣ 128 ብሎ ይጽፋል። የጀማሪዋን ስሌት ማለት ነው!

ሊኒየር_ነኝ

አዎ፣ ብዙ ሶፍትዌር እንዲህ ነው። ለአብዛኛው ፎቶ አይታወቅም፣ ስለዚህ ማንም አይጮህም። ጥቁር ሰማይ ላይ ያሉ ኮከቦችን ወይም በሌሊት የተነሱ ትንንሽ መብራቶችን ስታሳንስ ግን ከሚገባቸው በላይ ይደበዝዛሉ።

ዝምተኛ_አንባቢ

ክርክሩን እየተከታተልኩ ነው፣ ግን አንድ መሠረታዊ ነገር ልጠይቅ። ለምን 255? ለምን 100 አይሆንም? #ኤፍኤፍ8800 እየተባለ የሚጻፈውስ ምንድን ነው?

ሦስት_መብራት

አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 8 ቢት 256 የተለያየ ነገር ይይዛል፤ ከ0 ብትጀምር መጨረሻው 255 ነው። ለአንድ ፒክስል ሦስት ባይት ይሄዳል። 256ን ሦስት ጊዜ ብታባዛው 16,777,216 ነው። ማስታወቂያ ላይ "16 ሚሊዮን ቀለም" የሚሉህ ይሄንን ነው። 1920 በ1080 የሆነ ምስል ሳይጨመቅ 6.2 ሜጋባይት የሚሆነውም በዚሁ ስሌት ነው።

ሄክስ ያው ቁጥር ነው፣ አጻጻፉ ብቻ በ16 መሠረት ነው። ከ9 በኋላ ከ"ኤ" እስከ "ኤፍ" ያሉት ፊደላት ከ10 እስከ 15 ያለውን ይተካሉ። "ኤፍኤፍ" 15 ጊዜ 16 ሲደመር 15 ነው፤ 255። "88" ደግሞ 8 ጊዜ 16 ሲደመር 8 ነው፤ 136። የጠቀስከው ኮድ (255, 136, 0) ነው፣ ብርቱካናማ። አንድ ባይት ሁልጊዜ በሁለት ምልክት ስለሚያልቅ ለመጻፍ ይመቻል፣ በቃ።

ዝምተኛ_አንባቢ

ገባኝ። ታዲያ 16 ሚሊዮን ካለ የሰማይ ፎቶ ላይ ለምን መስመር መስመር ይታየኛል?

ሦስት_መብራት

ሰማይህ 16 ሚሊዮኑን አይጠቀምም። ከአንድ ሰማያዊ ወደ ትንሽ ነጣ ያለ ሰማያዊ ነው የሚሄደው። በዚያ መንገድ ላይ 40 ደረጃ ብቻ ቢኖር፣ ሰማዩም 2000 ፒክስል ቢሰፋ፣ እያንዳንዱ ደረጃ 50 ፒክስል የሚሰፋ ድፍን ቀለም ይሆናል። ጠርዙን ዓይን ይይዘዋል። አንዱ መፍትሔ 10 ቢት ነው፤ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለእያንዳንዳቸው 1024 ደረጃ፣ በጠቅላላው ከ1 ቢሊዮን በላይ ጥምረት ይሰጣል። ርካሹ መፍትሔ ዲዘሪንግ ነው፤ ምስሉ ላይ ሆን ተብሎ ጥቂት የዘፈቀደ ነጠብጣብ ይነሰነስበታል፣ ጠርዙ ይጠፋል።

ድሮ ለአንድ ፒክስል 16 ቢት ብቻ የሚሰጡ ስክሪኖች ነበሩ። ለቀይ 5፣ ለአረንጓዴ 6፣ ለሰማያዊ 5። የተረፈችዋን አንዲት ቢት አረንጓዴ ወሰዳት፣ ምክንያቱም ዓይን ለአረንጓዴ ይበልጥ ንቁ ነው። ትንንሽ ስክሪን ባላቸው የኤሌክትሮኒክስ መለማመጃ ቦርዶች ላይ ዛሬም ይሄው ነው።

ሰማያዊ_ፊት

ክሩን ልጥለፈው፣ ይቅርታ። ፓይተን ላይ ኦፕንሲቪ በሚባለው የምስል ላይብረሪ ፎቶ ከፍቼ በሌላ ላይብረሪ ሳሳየው የሰዎቹ ፊት ሰማያዊ ሆነ። ይሄም ጋማ ነው?

የማታ_ሠራተኛ

አይደለም፣ ቅደም ተከተል ነው። ኦፕንሲቪ ፎቶ ሲያነብ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ አድርጎ ነው የሚደረድረው። ሌላው ላይብረሪ ደግሞ ቀይ ይቀድማል ብሎ ያነባል። ምልክቱን ልንገርህ፦ ፊቱ ሰማያዊ ሆኖ ሣሩ አረንጓዴ እንደሆነ ከቀረ ቀይና ሰማያዊ ቦታ ተለዋውጠዋል። አረንጓዴ መሃል ስለሆነ አይነካም። ቅደም ተከተሉን ገልብጠው፣ አለቀ።

እዚያው እያለህ ሌላም ወጥመድ ይጠብቅሃል። ፎቶውን ለማድመቅ ሁሉም ቁጥር ላይ 10 ልጨምር ካልክ፣ ነምፓይ በሚባለው የፓይተን የቁጥር ላይብረሪ የ8 ቢት ቁጥር 250 ላይ 10 ሲጨመር 260 አይሆንም፣ 4 ይሆናል። ከ255 ያለፈው ተመልሶ ከ0 ይጀምራል። ነጭ ደመና ላይ ጥቁር ብጉር የሚወጣው በዚህ ነው።

ተጠራጣሪው

ሊኒየር፣ መስመሮቹን ሠርቼ አየሁ። 188 ነው። እሺ። እንግዲያው ፎቶን ወደ ጥቁርና ነጭ ስቀይር ሦስቱን ደምሮ ለሦስት ማካፈልስ? እሱንም ልትከለክለኝ ነው?

ሊኒየር_ነኝ

ልከለክልህ ነው። ንጹሕ ቀይ፣ ንጹሕ አረንጓዴና ንጹሕ ሰማያዊ ጎን ለጎን ያሉበት ምስል ውሰድ። ለሦስት ብታካፍል ሦስቱም 85 ይሆናሉ። ምስልህ ድፍን ግራጫ ሆነ፣ ድንበሩ ጠፋ። ለዓይን ግን አረንጓዴው በጣም ደማቅ ነው፣ ሰማያዊው በጣም ጨለማ ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክብደት ይሰጠዋል። በኤስአርጂቢ የብርሃን መጠን ላይ ቀይ 0.2126፣ አረንጓዴ 0.7152፣ ሰማያዊ 0.0722 ነው። ከጠቅላላው ድምቀት ሰባት አስረኛው ከአረንጓዴ ይመጣል ማለት ነው። ብዙ ፕሮግራም ውስጥ የምታገኘው ግን ከቆየው የቴሌቪዥን ደንብ የመጣው 0.299፣ 0.587፣ 0.114 ነው። በእሱ ስትሄድ ቀዩ 76፣ አረንጓዴው 150፣ ሰማያዊው 29 ይሆናል። ፍጹም አይደለም፣ ምክንያቱም በተጣመሙት ቁጥሮች ላይ ነው የሚሰላው። ለሦስት ከማካፈል ግን በብዙ ይሻላል።

ካሜራም ለአረንጓዴ ያደላል። አብዛኛው የካሜራ ሴንሰር ላይ እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ቀለም ብቻ ነው የምትለካው፤ ከፊቷ ትንሽ ማጣሪያ አለ። የኮዳኩ ብራይስ ቤየር እ.ኤ.አ. በ1976 የፓተንት መብት ያገኘበት አደራደር ግማሹን ነጥብ ለአረንጓዴ፣ ሩቡን ለቀይ፣ ሩቡን ለሰማያዊ ይሰጣል። የጎደሉትን ሁለት ቁጥሮች ካሜራው ከጎረቤት ነጥቦች እያየ ይሞላል። ስለዚህ በፎቶህ ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ሦስት እጅ አድርገን ሁለቱ እጅ የተለኩ ሳይሆን የተገመቱ ናቸው። ይሄን ሳስበው ሁሌም ይገርመኛል።

የማታ_ሠራተኛ

ጄፔግ ደግሞ የተረፈውን ይጥለዋል 😄 ፋይሉ ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ብሎ አያስቀምጥም። አንድ የድምቀት ቁጥርና ሁለት የቀለም ልዩነት ቁጥሮች አድርጎ ነው የሚለውጣቸው። ዓይን ድምቀት ላይ ጥቃቅኑን ይለያል፣ ቀለም ላይ ግን ሰነፍ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ለአራት ፒክስል አራት የድምቀት ቁጥር ይያዛል፣ የቀለም ቁጥሮቹ ግን ለአራቱም የጋራ ናቸው። 12 ቁጥር የነበረው 6 ሆነ። ገና ዋናው መጭመቅ ሳይጀመር ግማሹ ሄዷል።

ፎቶ ላይ አይታወቅም። በጥቁር መደብ ላይ ቀይ ጽሑፍ ያለበት ምስል ግን በጄፔግ አስቀምጡና እዩት። ጠርዙ ይቦጫጨቃል። ጽሑፍና ሎጎ ለፒኤንጂ ስጡ።

ቀይ_አይለየኝም

ስለ ቀለም ብዙ ስለተባለ እኔም ልግባ። ቀይና አረንጓዴ ከማይለይላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ጀማሪዋ፣ የምትሠሪው ነገር ካርታ ወይም ግራፍ ላይ የሚውል ከሆነ ከቀይ ወደ አረንጓዴ የሚሄድ አትጠቀሚ። ለእኔ ከቡኒ ወደ ቡኒ የሚሄድ ነው። ከሰማያዊ ወደ ቢጫ አድርጊው፣ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ቁጥሮቹን ግን እወዳቸዋለሁ። የሰው ዲዛይን ስመለከት ቀለሙን ጠቅ አድርጌ ሄክሱን አነባለሁ፣ ከዚያ "ይሄ ቀይ ነው" ብዬ በልበ ሙሉነት እናገራለሁ።

ሁለት_ስክሪን

እኔ ደግሞ ላፕቶፕና ስልክ አለኝ። አንድ ፋይል፣ አንድ ቁጥር፣ (255, 0, 0)። ስልኩ ላይ እሳት የመሰለ ቀይ ነው፣ ላፕቶፑ ላይ ወደ ብርቱካን የሚያደላ የደከመ ቀይ። ቁጥሩ አንድ ከሆነ ቀለሙ ለምን ሁለት ሆነ?

ሊኒየር_ነኝ

ምክንያቱም (255, 0, 0) ማለት "ያለህን ቀይ መብራት እስከ መጨረሻው አብራ" ማለት ብቻ ነው። የትኛው ቀይ እንደሆነ ቁጥሩ አይናገርም። የእያንዳንዱ ስክሪን ቀይ መብራት የተለያየ ነው።

ለዚህ የትኛውም ስክሪን ያልሆነ መለኪያ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ራይትና ጊልድ የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ለየብቻቸው ሙከራ አደረጉ። ራይት 10 ሰው፣ ጊልድ 7 ሰው አስቀምጠው አንድ ንጹሕ ቀለም በአንድ በኩል ያሳያሉ። በሌላው በኩል ተመልካቹ ሦስት መብራቶችን እያስተካከለ ያንኑ ቀለም ለማምጣት ይሞክራል። ለአንዳንድ ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለሞች ምንም ቢያደርጉ አልገጠመም። ቀዩን መብራት ወደ ሌላኛው ጎን ወስደው ንጹሑ ቀለም ላይ ሲጨምሩት ብቻ ነው የተስተካከለው። በሒሳብ ሲጻፍ የቀይ መጠን ከዜሮ በታች ሆነ ማለት ነው። ከዜሮ በታች የሚያበራ መብራት ደግሞ ስክሪን ላይ አይገጠምም። ስለዚህ በሦስት መብራት የሚሠራ የትኛውም ስክሪን ዓይን የሚያየውን ቀለም ሁሉ ማሳየት አይችልም።

ከዚያ ሙከራ ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1931 መለኪያውን አወጣ፤ ዛሬም ሁሉም ነገር የሚመዘነው በእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሂውሌት ፓካርድና ማይክሮሶፍት ኤስአርጂቢን አቀረቡ። እሱ በ1931ዱ መለኪያ ላይ "ቀያችን እዚህ ነው፣ አረንጓዴያችን እዚህ፣ ሰማያዊያችን እዚህ፣ ከርቩም ይሄ ነው" ብሎ ቆርጦ አስቀመጠ። ፋይሉ ላይ ምንም ካልተጻፈ ኤስአርጂቢ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ስልክህ ምናልባት ፒ3 የሚባለውን ሰፋ ያለ ክልል ያሳያል፣ መተግበሪያውም የፋይሉን ፕሮፋይል፣ ማለትም ቁጥሮቹ በየትኛው ደንብ እንደተጻፉ የሚናገረውን ማስታወሻ፣ አላየም። ቁጥሩን እንዳለ ለሰፊው ስክሪን ሰጠው፣ ቀዩ ነደደ። ላፕቶፑ ደግሞ ኤስአርጂቢን እንኳ የማይሞላ ርካሽ ፓኔል ሊሆን ይችላል። ፕሮፋይል የሚያነብ ሶፍትዌር ተጠቀም፣ ምስል ስታስቀምጥም ፕሮፋይሉን አትሰርዘው።

ተጠራጣሪው

ይሄኛውን በሥራዬ አረጋግጣለሁ። ኅትመት ላይ ደግሞ ይብሳል። ስክሪን ላይ የሚያበራ ሰማያዊ ወረቀት ላይ ሲወጣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ደብዛዛ ነገር ይሆናል። ቀለሙ ብርሃን አይጨምርም፣ ከነጩ ወረቀት ላይ ይቀንሳል። ደንበኛው "ያላኩልህን ቀለም ነው ያመጣኸው" ይልሃል። ዛሬ እሱን መክፈት አልፈልግም።

ጀማሪዋ_ኮደር

ተመለስኩ። ሊኒየር እንዳልከው አደረግኩት። መሃሉ (188, 188, 0) ሆነ፣ በግልጽ ቢጫ ነው፣ ጭቃው ጠፋ! አመሰግናለሁ።

ግን ሌላ ነገር መጣ። በዚያው ኮድ ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሄድ ስሠራ ገና ከመጀመሩ ነጣ። ሩቡ ላይ ስደርስ 137 ሆኗል። አብዛኛው ምስል ነጭ ነጭ ነው፣ ጥቁሩ ጫፍ ላይ ተኮማትሯል። የድሮው "የተሳሳተ" ኮዴ ለዚህ ይሻል ነበር። አሁን የትኛው ነው ትክክል?

ሊኒየር_ነኝ

ምን እየሠራሽ ነው? መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ብርሃን የምትቀላቅዪ ከሆነ፣ ማለትም ምስል ስታሳንሺ፣ ስታደበዝዢ፣ ሁለት መብራት አንድ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ስታሰዪ፣ በብርሃን መጠን ሥሪ። ተፈጥሮ የምትደምረው እሱን ነው። ለዓይን እኩል እኩል የሚራመድ ሽግግር የምትፈልጊ ከሆነ ግን ዓይን የሚቆጥርበትን ቁጥር ነው ማካፈል ያለብሽ። የጋማው ቁጥር ለግራጫ ጥሩ ግምት ነው፣ ለቀለም ግን ጭቃውን ያመጣብሻል። የድረ ገጽን መልክ የምንጽፍበት ሲኤስኤስም በነባሪው ይሄንኑ ጭቃ ነው የሚሠራው።

ለዚህ ተብለው የተሠሩ ስሌቶች አሉ። የብርሃን ኮሚሽኑ ላብ የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ1976 አወጣ። ቢዮርን ኦቶሰን የሚባል ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ኦክላብ የሚባለውን አወጣ። ኦክላብ ሦስቱን ቁጥር ወደ ድምቀት እና ሁለት የቀለም አቅጣጫዎች ይለውጠዋል። እዚያ ላይ አማካይ ብትወስጂ መሃሉ አይጨልምም፣ ጥቁርና ነጩም አይኮማተርም። እኔ ለግሬድየንት (ለቀለም ሽግግር) ከእሱ ሌላ አልጠቀምም። ኮዱ አጭር ነው፣ አዳዲስ ብራውዘሮችም ይደግፉታል።

ጀማሪዋ_ኮደር

እሺ፣ ኦክላብን እሞክራለሁ። ወደ ብርሃን መጠን ስመልስ ግን የተጠቀምኩት ቀላል ስሌት ነው፤ ቁጥሩን ለ255 አካፍዬ በ2.2 ኃይል አነሳሁት። ልክ ነኝ?

ሊኒየር_ነኝ

ቅርብ ነው። በእሱ ግማሹ 186 ይወጣል፣ በትክክለኛው 188። ሙሉውን ከፈለግሽ እንዲህ ነው፦ ለ255 ካካፈልሽ በኋላ ውጤቱ ከ0.04045 የማይበልጥ ከሆነ ለ12.92 አካፍዪው። ከበለጠ 0.055 ጨምሪበት፣ ለ1.055 አካፍዪ፣ ከዚያ በ2.4 ኃይል አንሺው። ሲመለስ ሁሉንም ገልብጪ።

የማታ_ሠራተኛ

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ፒክስል ኃይል አታስሊ፣ ኮድሽ ይንቀራፈፋል። ቁጥሩ ከ0 እስከ 255 ብቻ ስለሆነ 256ቱን መልሶች አንዴ አስልተሽ ሠንጠረዥ ውስጥ አስቀምጪና ከዚያ እያነሳሽ ተጠቀሚ። ሁለተኛ፣ የብርሃኑን መጠን በ8 ቢት ድፍን ቁጥር መልሰሽ እንዳታስቀምጪ። ሊኒየር ከላይ የጠቀሰው እርከን ሁሉ ጥላው ላይ ይመጣብሻል። ስሌቱ እስኪያልቅ በአስርዮሽ ቁጥር ያዢው፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ 255ቱ መልሺ።

ሰማያዊ_ፊት

የእኔ ተስተካከለ። ገለበጥኩት፣ ሰዎቹ ሰው ሆኑ። ብጉሩም መጣ 😂 እሱን ደግሞ ልሂድበት።

ዝምተኛ_አንባቢ

ግልጽነትስ? ፒኤንጂ ላይ አራተኛ ቁጥር አለ አይደል? በከፊል የሚያሳልፍ ነገር ሌላ ነገር ላይ ሲደረብ የሚሰላው በየትኛው ቁጥር ነው?

ሊኒየር_ነኝ

አዎ አለ፣ አልፋ ይባላል። እሱ ራሱ አይጣመምም፤ 128 እዚያ ላይ በእውነትም ግማሽ ነው። ድብልቁ ግን ብርሃን መቀላቀል ስለሆነ በብርሃን መጠን ቢሆን ነበር ትክክሉ። አብዛኛው ብራውዘር በተጣመመው ቁጥር ላይ ነው የሚያደርገው። ጀማሪዋ ቀዩን ግማሽ ግልጽ አድርጋ አረንጓዴው ላይ ብትደርበው ያንኑ (128, 128, 0) ታገኛለች። ስለዚህ ተጨማሪ ከፈለግህ አዲስ ክር ክፈት፣ እዚያ እመጣለሁ።